ወርዶ የመጣ አምላክ ምግባሩ ምንድን ነው? የሂንዱዎች የአቫታር ትምህርት ሲዳሰስ

የሂንዱዎች ጥንታዊ መጽሐፍ ራማያና የሚጀምረው በጥያቄ ነው። ጠያቂው የመጽሐፉ ደራሲ የሚባለው ባሕታዊው ቫልሚኪ፣ ተጠያቂው ደግሞ በሰማይና በምድር መካከል የሚመላለሰው መልእክተኛ ናራዳ ነው። ቫልሚኪ ስለ አምላክ አልጠየቀም። በዚህ ዘመን፣ በዚህች ምድር ላይ ምግባሩ የተሟላ ሰው ይገኛል ወይ ነው ያለው። ከዚያም የሚፈልገውን አንድ በአንድ ይዘረዝራል፦ ብርቱ፣ ሕግ ዐዋቂ፣ ውለታ የማይረሳ፣ እውነት ተናጋሪ፣ በቃሉ የሚጸና፣ ለፍጥረት ሁሉ በጎ የሚያስብ፣ ቁጣውን ያሸነፈ፣ ምቀኝነት የሌለበት፣ በጦር ሜዳ ሲነሣ ግን አማልክት እንኳ የሚፈሩት። ተንታኞች ሲቆጥሩት 16 ምግባር ይሆናል። ናራዳም እነዚህ ሁሉ ባንድ ሰው ላይ ተሟልተው መገኘታቸው ብርቅ መሆኑን ካስታወሰ በኋላ፣ ከኢክሽቫኩ ዘር የተወለደውን የራማን ስም ጠራ።

የተጠየቀውም የተመለሰውም ስለ ሰው ነው። ያ ሰው ግን ዛሬ መቶ ሚሊዮኖች የሚሰግዱለት የአምላኩ የቪሽኑ መገለጥ ነው። ከዚህ የሚነሣው ጥያቄ የህንድን ሊቃውንት ከሺህ ዓመት በላይ አከራክሯል። ምግባር የሰው ጌጥ ነው። ሰው ቁጣውን ቢያሸንፍ የሚመሰገነው ሊቆጣ ስለሚችል ነው፤ ቃሉን ቢጠብቅ የሚከበረው ቃሉን ማጠፍ ስለሚያምረው ነው። ታዲያ ሁሉን የሚችለው አምላክ ታጋሽ ነው፣ ትሑት ነው፣ ቃሉን ጠባቂ ነው ሲባል ምን ማለት ነው? ሰው ሆኖ ሲወለድስ ከምግባሮቹ ሁሉ ዋናው የትኛው ነው? ኃይሉ ነው፣ ጽድቁ ነው ወይስ ሌላ ነገር? መልሶቻቸውን ስከታተል ያገኘሁት አንድ ትልቅ ለውጥ አለ፦ የአምላካዊነት መለኪያ ከኃይል ወደ ቅርበት ተሸጋግሯል። ያ መለኪያ ደግሞ ተመልሶ የራሳቸውን ታሪኮች መመዘኛ ሆኗል።

ቪሽኑ ዓለምን ለመታደግ ወርዶ በአንድ አካል ሲገለጥ አቫታር ይሉታል። በሕዝብ ዘንድ የታወቀው ዝርዝር አሥር ነው፦ ዓሣ፣ ኤሊ፣ ከርከሮ፣ ሰው አንበሳ፣ ድንክ፣ ባለ መጥረቢያው ፓራሹራማ፣ የአዮድያው ራማ፣ ክሪሽና፣ ቡድሃ (በሌሎች ዝርዝሮች የክሪሽና ወንድም ባላራማ) እና ገና የሚመጣው ካልኪ። ባጋቫታ ፑራና የተባለው ታላቅ መጽሐፍ 22 ይቆጥርና መገለጦቹ ስፍር ቁጥር እንደሌላቸው ይጨምራል። ስለ ሥጋዌ በክርስትና ትምህርት ላደገ አንባቢ ልዩነቱ ከወዲሁ መታወቅ አለበት። በክርስትና ነገሩ አንድ ጊዜ የሆነ፣ የማይደገም ነው፤ በሂንዱዎች ግን ዓለም በታወከ ቁጥር የሚመላለስ ነው፣ እንስሳም ሆኖ ሊመጣ ይችላል። በባጋቫድ ጊታ አራተኛ ምዕራፍ ክሪሽና ለተዋጊው አርጁና እንደሚያስረዳው፣ ሕግ ሲላላና ዓመፅ ሲገን ደጋጎችን ሊጠብቅ፣ ክፉዎችን ሊያጠፋ ከዘመን ወደ ዘመን ይወለዳል።

በዚህ ስንኝ ላይ ሁለት ታላላቅ ሊቃውንት ተለያዩ። በስምንተኛው መቶ ዘመን ገደማ የነበረው ሻንካራ የመጨረሻው እውነት ባሕርይም መልክም የሌለው አንድ ነው ባይ ነው፤ ስለዚህ ክሪሽና የተወለደው እንደ ተወለደ ሆኖ፣ ሥጋ የለበሰውም እንደ ለበሰ ሆኖ በመታየት ነው። በዚህ አያያዝ የአቫታር ምግባር ለደካማ ዓይን የተዘረጋ መጋረጃ ይሆናል። በትውፊት በ1017 እንደ ተወለደ የሚነገርለት (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የታሚል አገሩ ራማኑጃ ይህን አልተቀበለም። ለእርሱ አምላክ ቁጥር የሌላቸው መልካም ባሕርያት ባለቤት ነው፤ ሲወርድም እነዚያን ባሕርያት አንዱንም ሳይጥል፣ በእውነተኛ አካል ነው የሚወርደው።

ከዚያ ራማኑጃ ቀላል የሚመስል ጥያቄ ያነሣል። ክፉዎችን ለማጥፋት መውረድ ለምን አስፈለገ? ሁሉን የሚችል አምላክ ባለበት ሆኖ በፈቃዱ ብቻ ሊያጠፋቸው ይችል የለም ወይ? የሚሰጠው መልስ የነገሩን ቅደም ተከተል ይገለብጠዋል። የክፉዎች መጥፋት በመንገድ ላይ የሚፈጸም ነገር ነው። የመውረዱ ዋና ምክንያት እርሱን ሳያዩ መኖር የማይችሉ ሰዎች መኖራቸው ነው፤ ለእነርሱ ከእርሱ ተለይቶ አንዲት ቅጽበት ማለፍ የዘላለም ያህል ይረዝማል። ለእነዚህ ፊቱን ሊያሳያቸው፣ ሊያነጋግራቸው፣ ሥራውንም በዓይናቸው እንዲያዩ ይወርዳል። ለእኔ የጠቅላላው ክርክር መታጠፊያ ይህች ማብራሪያ ናት። ከዚህ በኋላ አቫታር በመጀመሪያ ደረጃ ተዋጊ መሆኑ ቀርቶ ጎብኚ ሆነ።

የራማኑጃ ተከታዮች የአምላክን ባሕርያት በሁለት ወገን ያዩአቸዋል። በአንድ ወገን ከጥንት የተወረሱት ስድስቱ አሉ፦ ዕውቀት፣ ጽናት፣ ገዢነት፣ የማይደክም ብርታት፣ ችሎታና ግርማ። እነዚህ የልዕልናው ናቸው። በሌላው ወገን በቀላሉ መገኘቱ፣ ከታናናሾች ጋር ታላቅነቱን ሳያሰማቸው መቀላቀሉ፣ እናታዊ ፍቅሩና ርኅራኄው ናቸው። ልዕልና ብቻውን ቢሆን ለማኝ ወደ ደጁ አይደርስም፤ ቅርበት ብቻውን ቢሆን ደግሞ የደረሰው ለማኝ ምንም አያገኝም። ሁለቱ ሲገናኙ ግን ሚዛኑ ወደ ቅርበት ያደላል፤ ምክንያቱም ታላቅ መሆን ለአምላክ ምኑም ድንቅ አይደለም። የሚያስደንቀው ታላቁ ሲጎነበስ ነው።

ለዚህም ማስረጃቸው ራማያና ራሱ ነው። ራማ ከአዮድያ ተሰድዶ ጋንጌስ ወንዝ ዳር ሲደርስ የተቀበለው ጉሃ የተባለ የኒሻዳዎች አለቃ ነው፤ ኒሻዳዎች አደን አዳኝ፣ ጀልባ ቀዛፊ፣ በዘር ሥርዓቱ ከታች የተቆጠሩ ናቸው። ራማ አቀፈው። የቀረበለትን ምግብ የባሕታዊ ስእለት ስላለበት ባይቀበልም ለፈረሶቹ መኖ ለመነው፤ አባቱ የሚወዳቸው ፈረሶች ናቸውና። በኋላም ጠላቱ ራቫና የሰረቃትን የራማን ሚስት ሲታን ለማዳን ሲዋጋ የወደቀውን አሞራውን ጃታዩን፣ ልጅ ለአባቱ እንደሚያደርግ አድርጎ በእሳት ሥርዓት ሸኘው። ሻባሪ የተባለች አሮጊት መናኝ የጫካ ፍሬ አቀረበችለት። በቫልሚኪ ዘንድ ታሪኩ በዚህ ያበቃል። ኋለኞቹ ተራኪዎች ግን አላስቻላቸውም፤ ሻባሪ እያንዳንዱን ፍሬ ጣፋጭነቱን ለማወቅ በጥርሷ እየገመጠች የጣፈጠውን ብቻ ሰጠችው፣ እርሱም በላ ብለው ጨመሩበት። ሌላ ሰው የቀመሰው ምግብ እንደ ርኩስ በሚታይበት አገር፣ ያውም የዝቅተኛ ዘር ሴት ትራፊ ሲሆን፣ ይህ ጭማሪ ምን ያህል ድፍረት እንደ ጠየቀ መገመት ይቻላል። አማኙ ሕዝብ አምላኩን ከመጽሐፉ ይልቅ ዝቅ አድርጎ ያወረደበት አንዱ ቦታ ይህ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅሱት ግን የቪቢሻናን ነገር ነው። ጦርነቱ ሊጀመር ሲል የራቫና ታናሽ ወንድም ቪቢሻና ከአራት ተከታዮቹ ጋር መጥቶ በራማ ሰፈር አናት ላይ በአየር ቆመና መጠጊያ ለመነ። በሰፈሩ ምክክር ተደረገ። የዝንጀሮዎቹ ንጉሥ ሱግሪቫ ሰላይ ነው፣ ይገደል አለ፤ ወንድሙን በመከራው ቀን የከዳ ለእኛስ መቼ ይታመናል የሚል ነው ነገሩ። ሌሎቹ ይመርመር አሉ። ዝንጀሮው ሀኑማን ብቻ ንግግሩና ፊቱ ተንኮል እንደሌለበት መሰከረ። ራማ የተናገረው ግን ከሁሉም የተለየ ነው። ስለ ሰውየው ቅንነት አልተከራከረም። ጥፋት ቢኖርበት እንኳ በወዳጅነት ስም የመጣን እንደማይመልስ ተናገረ፤ አዳኝ ሚስቱን የያዘበት እርግብ ለዚያው አዳኝ ሥጋውን አብስሎ ያስተናገደበትን የጥንት ተረት አነሣ፤ አንድ ጊዜ እንኳ የአንተ ነኝ ብሎ ለተጠጋው ፍጥረት ሁሉ ከፍርሃት ነጻነትን መስጠት ስእለቱ መሆኑን አስታወቀ። ከዚያም የመጣው ቪቢሻና ይሁን ራሱ ራቫና፣ አምጡት ብሎ ጨረሰ። ሚስቱን የሰረቀው፣ ሊዋጋው ባሕር የሚያቋርጥለት ጠላት ማለት ነው። የደቡብ ህንድ ቪሽናውያን ይህን ንግግር የእምነታቸው ማኅተም አድርገው ይዘውታል።

ከራማኑጃ በኋላ በተከታዮቹ መካከል የተነሣው ክፍፍልም አንዱ መነሻው ይኸው የምግባር ጥያቄ ነው። ሁለቱም ወገኖች የአምላክን ፍቅር ላም ገና የተወለደ ጥጃዋን ስትልስ ከምታሳየው ጋር ያመሳስሉታል። የደቡቡ ወገን፣ በፒላይ ሎካቻርያ በኩል፣ ላሚቱ እድፉን በደስታ ነው የምትልሰው፤ እንዲሁ አምላክም የወዳጁን ጉድፍ ሳይቀር ይወድደዋል አለ። የሰሜኑ ወገን፣ በቬዳንታ ዴሺካ በኩል፣ ይህ ኃጢአትን ማወደስ ይሆናል፤ አምላክ ጉድፉን አይቶ እንዳላየ ያልፈዋል እንጂ አይወደውም ሲል መለሰ። ዳር ላይ ላለ ሰው ጥቃቅን ክርክር ይመስላል። ለአማኙ ግን ኃጢአቱን ይዞ በመቅደሱ ፊት ሲቆም የሚጠብቀው ፊት ምን ዓይነት ነው የሚለው ጥያቄ ነው። እኔ የደቡቦቹን ድፍረት እወድላቸዋለሁ፤ የሰሜኖቹ ሥጋት ግን ምክንያት የለውም አልልም።

የክሪሽና ነገር ሲመጣ የምግባር ዝርዝሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ሩፓ ጎስዋሚ በቤንጋል ሱልጣን ሁሴን ሻህ መንግሥት ባለሥልጣን የነበረ፣ ኋላ መነኩሴውን ቻይታንያን ተከትሎ ሹመቱን ጥሎ በቭሪንዳቫን የኖረ ሰው ነው። በ1541 በጨረሰው የፍቅር አምልኮ መጽሐፉ የክሪሽናን ባሕርያት 64 አድርጎ ቆጠራቸው። 50ዎቹ በጥቂቱም ቢሆን በሰው ይገኛሉ፤ አምስቱን ሺቫና መሰሎቹ ይጋሩታል፤ ሌሎች አምስት በሰማያዊው ናራያና (በቪሽኑ) ዘንድ አሉ። የቀሩት አራቱ የክሪሽና ብቻ ናቸው፦ አስደናቂ ጨዋታው፣ በፍቅር የተዋጡ ወዳጆች የከበቡት መሆኑ፣ ዋሽንቱና ውበቱ። ሩፓ ከሁሉ በላይ ያስቀመጣቸውን ልብ በሉ። አንዱም ስለ ግዛት ወይም ስለ ፍርድ አይደለም። ከ50ዎቹ መካከልም ይሉኝታ አለ፣ ልዩ ልዩ ቋንቋ መቻል አለ፣ በፍቅር መገዛት አለ።

በፍቅር መገዛት ምን እንደሆነ ባጋቫታ ፑራና በአሥረኛው መጽሐፍ በአንድ ቀን የቤት ውስጥ ክስተት ያሳያል። ያሾዳ ወተት እየናጠች ሳለ ልጇ ክሪሽና አኩርፎ እንስራ ይሰብርና ቅቤውን ወስዶ ለዝንጀሮ ያበላል። እናቲቱ አርጩሜ ይዛ ታባርረዋለች። ደርሳ ስትይዘው ያለቅሳል፤ ዓይኑን ሲያሽ ኩሉ ፊቱን ያጨቀየዋል። እንዲያ ፈርቶ ስታየው አርጩሜውን ጥላ ከትልቅ ሙቀጫ ጋር ልታስረው ገመድ ታመጣለች። ገመዱ በሁለት ጣት ያህል ያጥራል። ሌላ ትቀጥላለች፤ አሁንም በሁለት ጣት ያጥራል። በቤቱ ያለውን ገመድ ሁሉ ብትቀጥል ሁለቷ ጣት አልሞላ አለች፤ የሰፈር ሴቶች ከበው ይስቃሉ። ያሾዳ ላብ በላብ ሆነች፣ ከፀጉሯ አበባው ረገፈ። ሕፃኑ ድካሟን አየና ታሰረላት። ውስጥና ውጪ፣ መጀመሪያና መጨረሻ የሌለውን ማን ይችላል ማሰር? ተንታኞች ስለ ሁለቱ ጣቶች ሲያብራሩ አንዱ ጣት የአማኙ ድካም፣ ሌላው የአምላክ ርኅራኄ ነው ይላሉ። የታሚሉ ባለቅኔ ናማልቫር ይህን የመታሰር ነገር ባሰበ ጊዜ ስድስት ወር ራሱን ስቶ እንደ ወደቀ በተከታዮቹ ዘንድ ይተረካል። እኔም ብሆን በዚህ ሰፊ ጽሑፍ ውስጥ ስለ አምላክ ትሕትና ከዚህ የሚስተካከል ገጽ አላገኘሁም።

በ19ኛው መቶ ዘመን ግን በዚህ ክሪሽና የሚያፍሩ ምሁራን ተነሡ። የእንግሊዝ ሚስዮናውያን ቅቤ ሌባና ሴት አሳዳጅ እያሉ ሲያጣጥሉት የቤንጋሉ ደራሲ ባንኪም ቻንድራ ቻቶፓድያይ በ1886 የክሪሽናን ሕይወት የሚመረምር መጽሐፍ አሳተመ። በእርሱ ብዕር ክሪሽና የተሟላ ሰው፣ አገር አስተዳዳሪና ጥበበኛ መካሪ ሆነ፤ ከእረኛ ሴቶች ጋር ያደረገው ጨዋታ ኋላ የገባ ነው ተብሎ ተገፈፈ። ባንኪም በቅንነት ነው የሠራው፤ ሕዝቡ በባዕድ አገዛዝ ሥር የሚመካበት ሰው ይሻ ነበር። ነገር ግን ሩፓ ለክሪሽና ብቻ የተዋቸው አራቱ ባሕርያት ሁሉም ከመጽሐፉ ወጡ። የቀረው ጀግና የተከበረ ነው፤ ገመዱ ግን የለም።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ቦታ እንምጣ። መልካምነቱ የተሟላ ከተባለ በእነዚህ ታሪኮች ውስጥ መልካም የማይመስለውስ? የክሪሽና ጥያቄ በባጋቫታ ፑራና ውስጥ በግልጽ ተነሥቷል። ንጉሥ ፓሪክሺት ሕግን ሊያጸና የወረደው ጌታ የሌሎችን ሚስቶች በጨረቃ ብርሃን እንዴት አቀፈ ብሎ ተራኪውን ሹካን ይጠይቀዋል። ሹካ ሁለት ዓይነት መልስ ይሰጣል። እሳት ሁሉን በልቶ እንደማይረክስ ኃያላንም አይረክሱም፤ ሌላው ሰው ግን በሐሳቡ እንኳ እንዳይከተለው። ደግሞም እርሱ በሴቶቹም በባሎቻቸውም ልብ ውስጥ ያደረ ነው። የመጀመሪያው መልስ አደገኛ ነው፤ ኃያል ነኝ የሚል ሁሉ ይጠለልበታል። ጥያቄውን መጽሐፉ ውስጥ ማስገባታቸው ግን ያስከብራቸዋል።

የራማ ጥያቄ ከዚህ ይከብዳል፤ ምክንያቱም ራማ በጨዋታው የሚመሰገን አይደለም። ሕግን ልክ በልኩ የሚጠብቅ የሰው ሁሉ አብነት ተብሎ ነው የሚጠራው። ራማ ያኔ የዝንጀሮዎቹ ንጉሥ የነበረውን ቫሊን ከወንድሙ ከሱግሪቫ ጋር ሲታገል ተደብቆ በቀስት ወጋው። ቫሊ ወድቆ ሳለ የሚያሰማው ክስ በመላው ራማያና ውስጥ ካሉት ንግግሮች ሁሉ ጠንካራው ነው፤ ከሌላ ጋር የሚዋጋን ሰው ከኋላ መምታት የትኛው ሕግ ነው፣ ምን በደልኩህ ይለዋል። ራማ የወንድምህን ሚስት ስለ ወሰድህ በንጉሡ ሕግ ትቀጣለህ ይላል፤ ቀጥሎ ደግሞ አንተ ዝንጀሮ ነህ፣ አውሬ ደግሞ ተደብቆም ይታደናል ይላል። ሁለቱ መልሶች አይጣጣሙም፤ በሰው ሕግ የሚፈረድበት አውሬ የለም። ቫሊ ጥፋቱን አምኖ ሞተ። አንባቢዎች ግን እስከ ዛሬ እየተከራከሩ ነው።

ሲታን በተመለከተ ነገሩ ከዚህም ያማል። ከራቫና እጅ ከወጣች በኋላ ራማ በሰው ፊት አልቀበልሽም አላት፤ እርሷም እሳት ውስጥ ገባች፣ እሳቱም ንጹሕ መሆኗን መስክሮ መለሳት። በዚያች ሰዓት አማልክት መጥተው አንተ ናራያና ነህ ሲሉት፣ ራማ ራሱን የሚያውቀው እንደ ሰው፣ እንደ ዳሻራታ ልጅ መሆኑን ይናገራል። በሰባተኛውና በመጨረሻው መጽሐፍ ደግሞ በከተማ ወሬ ምክንያት ያችኑ ሲታን ነፍሰ ጡር ሳለች ወደ ጫካ ሰደዳት። በዚሁ መጽሐፍ የአንድ ብራህማን ልጅ ያለ ዕድሜው ይሞትና ምክንያቱ በዘር ሥርዓቱ ዝቅተኛ ከሆነው ከሹድራ ወገን የተወለደ ሰው ተባሕትዎ መያዙ ነው ተብሎ ይነገራል። ራማ ሄዶ ያን ሰው፣ ሻምቡካን፣ ቁልቁል ተንጠልጥሎ ሲጋደል ያገኘዋል። ዘርህ ምንድን ነው ይለዋል። ሻምቡካ አልዋሽም ብሎ ሹድራ መሆኑን ይነግረዋል። ቃሉን ሳይጨርስ ራማ በሰይፍ አንገቱን ቀላው፤ አማልክትም አመሰገኑ።

ብዙ የጥንታዊ ጽሑፍ ተመራማሪዎች የመጀመሪያውና የሰባተኛው መጽሐፍ ብዙው ክፍል ኋላ የተጨመረ ነው ይላሉ፤ የራማ አምላክነትም የተጠናከረው በእነዚሁ ነው። አሜሪካዊው ሼልደን ፖሎክ በበኩሉ አምላክነቱ ከታሪኩ አጥንት የሚለይ አይደለም ብሎ ተከራክሯል፤ ራቫና በአማልክትና በአጋንንት እንዳይገደል ሲለምን ሰውን ንቆ ስላልጠራ፣ ገዳዩ የግድ ሰው የሆነ አምላክ መሆን ነበረበት። የፖሎክ ሐሳብ ያሳምነኛል። ይሁንና ሰባተኛው መጽሐፍ ኋላ ተጨመረም አልተጨመረ በሺህ የሚቆጠር ዓመት እንደ ቅዱስ ታሪክ ሲነበብ ኖሯልና በዘመን ቆጠራ ማምለጥ አይቻልም።

ባለቅኔዎቹ ያመለጡበት መንገድ ልዩ ልዩ ነው። በ1574 በአዮድያ መጻፍ የጀመረው ቱልሲዳስ፣ የሰሜን ህንድ ሕዝብ በቃሉ የሚያውቀውን የአቫዲ ቋንቋ ራማያና ሲደርስ የሲታን መሰደድና የሻምቡካን መገደል ዝም ብሎ አለፋቸው። ራቫና የወሰዳትም የሲታ ጥላ ናት፣ እውነተኛዋ በእሳት ውስጥ ተጠብቃ ነበር አለ፤ ስለዚህ የእሳቱ ፈተና ጥላዋን የመመለሻና እውነተኛዋን የመረከቢያ ሥርዓት ሆነ። የቱልሲዳስ ዝምታ ፍርድ ነው፤ እንዲህ ያለ ሥራ የእኔ ጌታ አይሠራውም ማለቱ ነው። በ16ኛው መቶ ዘመን በቤንጋል የነበረችው ባለቅኔ ቻንድራባቲ ደግሞ ታሪኩን ከሲታ ወገን ሆና ተረከችው።

ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን የስምንተኛው መቶ ዘመን ተውኔት ጸሐፊ ባቫቡቲ ነው። ስለ ራማ ኋለኛ ዘመን በጻፈው ድራማ ሁለቱን ክፉ ሥራዎች አልደበቀም፤ አገናኛቸው። ራማ በሻምቡካ ላይ ሰይፉን ሲመዝ እጁ እንቢ ትለዋለች። ያን ጊዜ ቀኝ እጁን ያናግራታል፤ ነፍሰ ጡሯን ሲታን ያባረረው የራማ አካል ሆነሽ ሳለ ርኅራኄ ከየት አመጣሽ ይላታል። በሲታ ላይ የሠራው ሥራ የሻምቡካን መገደል ሲከስሰው ይሰማል። ይህ ራማ የሚመሰገንለት ጽድቅ የሚያቃጥለው ሰው ነው። ምግባር የሰው ጌጥ ከሆነ፣ እዚህ ላይ አምላኩ በእውነት ሰው ሆኗል።

የቅርበት ትምህርት የት ድረስ እንደ ተፈጸመ የሚታየው በቤተ መቅደስ ደጃፍ ነው። በማሃራሽትራ ፓንዳርፑር የሚመለከው ቪታል፣ ክሪሽና ራሱ ነው ይላሉ፣ ወላጆቹን ሲያገለግል የነበረው ፑንዳሊክ በደጅ ጠብቀኝ ብሎ በወረወረለት ጡብ ላይ እስከ ዛሬ ቆሞ ይጠብቃል። ሰው እስኪመቸው የሚጠብቅ አምላክ! በ14ኛው መቶ ዘመን የማሃር ወገን የሆነው ባለቅኔው ቾካሜላ ለዚህ አምላክ ሲዘምር ኖሮ፣ በዘሩ ምክንያት ግን መቅደሱን ሳይረግጥ ሞተ፤ መቃብሩ በደጁ ደረጃ አጠገብ ነው። ያ ደጅ ለእርሱ ወገኖች የተከፈተው የነጻነት ታጋዩ ሳኔ ጉሩጂ ከጾመ በኋላ፣ በ1947 ነው። በቻቲስጋር ደግሞ ከመቅደስ የተከለከሉ ሰዎች ከ1890ዎቹ ጀምሮ ራምናሚ የሚባል ማኅበር መሥርተው የራማን ስም በገላቸው ላይ መነቀስ ያዙ፤ መቅደስ ቢዘጋባቸው ቆዳቸውን መቅደስ አደረጉት። ከዚያ በፊት የቫራናሲው ሸማኔ ካቢር የእኔ ራማ የዳሻራታ ልጅ አይደለም፣ መልክ የለውም ብሎ ስሙን ከታሪኩ ነጥሎ ወስዶት ነበር። ከማሃር ወገን የተወለደው የህንድ ሕገ መንግሥት አርቃቂ አምበድካር ግን ስሙንም አልወሰደም። በጥቅምት 1956 በናግፑር ከብዙ መቶ ሺህ ተከታዮቹ ጋር ወደ ቡድሂዝም ሲገባ ካስገባቸው 22 ስእለቶች አንዱ የአምላክ መገለጥ የሚባሉትን ራማንና ክሪሽናን አለማምለክ ነው። ሻምቡካን ያልረሳ ሰው መሆኑ ግልጽ ነው።

በአዮድያ የሆነውም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። በታኅሣሥ 1992 የራማ የትውልድ ቦታ ነው በሚባለው ስፍራ የቆመው የባብሪ መስጊድ በሕዝብ ማዕበል ፈረሰ፤ በተከተለው ሁከት ወደ 2 ሺህ የሚጠጋ ሰው አለቀ፣ አብዛኛው ሙስሊም ነው። በ2019 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ቦታውን ለራማ ቤተ መቅደስ ሲፈቅድ ከተከራካሪዎቹ አንዱ ሕፃኑ ራማ ራሱ ነበር፤ በህንድ ሕግ የመቅደስ አምላክ በሞግዚት አማካይነት ሊከስ ይችላል። መቅደሱ በጥር 22 ቀን 2024 ተመረቀ። ከጠላቱ ወገን የመጣውን ለሚቀበል፣ ራቫና ራሱ ቢመጣ አስገቡት ላለ ጌታ የቆመ ሕንፃ ነው፤ የተሠራበት መንገድ ግን ከዚያ ስእለት ጋር አይታረቅም። ይህን የሚሉ ሂንዱ አማኞችም በአገሩ አሉ።

እንግዲህ ፍርዴን ልስጥ። የራማኑጃን ቅደም ተከተል ትክክል ነው ብዬ እቀበላለሁ፦ ወርዶ የመጣ አምላክ ዋና ምግባሩ ዝቅ ላለው መቅረቡ ነው፣ ሌላው ሁሉ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣ ነው። በዚህ ሚዛን ቪቢሻናን የተቀበለውና ለያሾዳ የታሰረው ይቆማሉ፤ ሻምቡካን የገደለው ግን አይቆምም፣ ምንም ያህል አማልክት ቢያመሰግኑት። ይህን ለመመስከር ከውጭ መፍረድ አያስፈልግም፤ ቱልሲዳስ በዝምታው፣ ባቫቡቲ በእንቢተኛዋ ቀኝ እጅ አስቀድመው ተናግረውታል። ራማያናን ለማንበብ ያሰበ ሰው ካለ ከስድስተኛው መጽሐፍ የቪቢሻናን ክፍል፣ ከሰባተኛው ደግሞ የሻምቡካን ክፍል አንዱን ካንዱ ሳይለይ በአንድ ጊዜ ቁጭ ብሎ ያንብብ።